ስለታም ቢላ የት ይቀመጥ? ማግኔት፣ የእንጨት ማቆሚያ፣ ሽፋን ወይስ መሳቢያ

ቢላ ስንገዛ ብዙ ነገር እንጠይቃለን፣ የት ሀገር ነው የተሰራው፣ ይዝጋል ወይ፣ እጀታው አይነቀልም ወይ እንላለን፣ የት ነው ምናስቀምጠው የሚለው ግን ትዝም አይለንም። ቤት ሲገባ በቃ ከማንኪያና ከሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይጣላል፣ ወይ ደሞ የሳህን ማድረቂያው ላይ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ሰው እጁን የሚቆርጠው ሽንኩርት ሲከትፍ ብቻ አይደለም፣ ቢላው ስራ ላይ ባልሆነበት ሰአትም ነው፣ ጭልፋ ሲፈልግ፣ እቃ ሲያጥብ፣ ወይ ልጅ መሳቢያ ስትጎረጉር።

እና እዚ ጋ ያሉትን አማራጮች እያወዳደርኩ ላሳያችሁ ነው። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር፣ ለሁሉም ቤት የሚሆን ማስቀመጫ የለም። ሰፊ ግቢ ውስጥ ትልቅ ማድቤት ላለው የሚሆነው ለኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ አይሆንም፣ አዲስ አበባ የሚሰራው ዱባይ ከአራት ሰው ጋር ወጥ ቤት ለሚጋራ ሰው አይሰራም። ስለዚ እቃውን ከማየታችሁ በፊት ቤታችሁን እዩ፣ ህጻን አለ ወይ፣ ግድግዳው ይበሳል ወይ፣ እርጥበት አለው ወይ፣ ቢላውን የሚነካው አንድ ሰው ነው ወይስ ገቢ ወጪው ሁሉ። መልሱን የሚሰጣችሁ ይሄ ነው እንጂ የቢላው ዋጋ አይደለም።

ማስቀመጫ ሁለት ስራ አለው፣ እጅን ከስለቱ መጠበቅና ስለቱን ከእቃ መጠበቅ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው ሚያስበው ግን ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። የቢላ ስለት እኮ በጣም ስስ ነገር ነው፣ የጀርመን አሰራር የሆኑት ቢላዎች በአንድ ጎን 15 ዲግሪ ገደማ ነው ሚሳሉት፣ ጥንካሬያቸው ደሞ በሮክዌል መለኪያ ከ56 እስከ 58 አካባቢ ነው፣ እነዚ ከማንኪያ ጋር ሲጋጩ ስለታቸው ይጎብጣል፣ በሞረድ መልሶ ይቃናል። የጃፓኖቹ ግን 60ና ከዛ በላይ የሆኑ ብዙ አሉ፣ ጠንካራ ናቸው ግን ደረቅ ናቸው፣ ሲጋጩ አይጎብጡም፣ ይሸረፋሉ፣ የተሸረፈ ስለት ደሞ በሞረድ አይድንም፣ ድንጋይ ላይ ብዙ መፋቅ ይፈልጋል። የዶለዶመ ቢላ ደሞ አደገኛ ነው፣ ቲማቲም ላይ ይንሸራተታል፣ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ይንሸራተታል፣ እኛ ደሞ እልህ ይዞን ጫን እንላለን፣ ያን ጊዜ ነው ወደ ጣት ሚሄደው። መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ስለቱ የሞተ ቢላ በኋላ እጅ ይቆርጣል ማለት ነው።

ስለዚ የመጀመሪያው አማራጭ፣ ማለትም ከማንኪያ ጋር የተጣለ ቢላ፣ ውድድር ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል። ቦታ አይፈጅም፣ ብር አያስወጣም፣ ሌላ ጥቅም የለውም። እጅ ሳያይ ነው መሳቢያ ውስጥ ሚገባው፣ በተለይ መብራት በጠፋበት ማታ። ዛሬውኑ ሌላ ምንም ባታደርጉ ቢላዎቹን ከማንኪያዎቹ ለዩአቸው፣ ባዶ የጫማ ካርቶን ውስጥም ቢሆን።

ማግኔት ግድግዳ ላይ

ይሄ ቢላዎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሚታዩበት ረጅም ማግኔት ነው፣ ውጪ ያላችሁ ኢኬያ ውስጥ ኩንግስፎርስ ሚባለውን 56 ሴንቲሜትር የስቴንለስ አይተውት የምታውቁ ትኖራላችሁ። እኔ በዋናነት ትልልቅ ሰዎች ብቻ ላሉበት ቤት ከሁሉም ይሄን ነው ምመርጠው። ቢላው አየር ያገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ስለቱ ምንም ነገር አይነካውም፣ የትኛው ቢላ እንደሆነ በአይን ይለያል፣ አንድ ቢላ ከጎደለም ቦታው ባዶ ስለሚሆን ወዲያው ይታወቃል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል ግን በአል ሲሆን ወጥ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ገብቶ ሲወጣ "ትልቁ ቢላ የት ሄደ" የሚለው ጥያቄ ቶሎ መልስ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የጠፋ ቢላ ወይ ሳፋ ውስጥ ነው፣ ወይ የሽንኩርት ልጣጭ ስር ነው፣ ወይ ልጅ ጋ ነው።

አጠቃቀሙ ግን ስርአት አለው። ቢላውን ስትሰቅሉት መጀመሪያ ጀርባውን፣ ማለትም ወፍራሙን ጎን፣ ማግኔቱ ላይ አስነኩትና ከዛ ቀስ አርጋችሁ ጠፍጣፋውን አስተኙት። ስታነሱት ደሞ በተቃራኒው፣ ጀርባው እንደነካ ስለቱን መጀመሪያ ከማግኔቱ አላቁት። ዝም ብሎ ጠብ አርጎ ማጣበቅና ጎትቶ ማንሸራተት ስለቱን ይበላዋል፣ የብረት ፊት ያለው ማግኔት ከሆነ ደሞ ይብሳል። ፊቱ በእንጨት የተሸፈነ ማግኔት አለ፣ ዋጋው ወደድ ይላል ግን ለቢላው ይራራል፣ የጃፓን ቢላ ያላችሁ እሱን ብትገዙ ይሻላል።

ማግኔቱ መያዝ መቻሉን በከባዱ ቢላችሁ ፈትኑት። አንድ የ20 ሴንቲሜትር የሼፍ ቢላ 200 ግራም ምናምን ነው፣ የአጥንት መምቻው ግን ከዛ እጥፍና ከዛም በላይ ይመዝናል። ሰቅላችሁት እጀታውን በጣት ገፋ አርጉት፣ ቁልቁል ከተንሸራተተ ያ ማግኔት ለዛ ቢላ አይሆንም። ርካሾቹ ውስጥ ማግኔቱ እየተቆራረጠ ነው የገባው፣ አንዱ ቦታ ይይዛል ሌላው ቦታ አይዝም። የሴራሚክ ቢላ ደሞ ጭራሽ አይያዝም፣ ብረት አይደለማ። በ2017 ታህሳስና ጥር ላይ የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖር ብዙ ሰዎች ጋ እንደተሰማ አትርሱ፣ ለዛ ነው የሚይዝ ማግኔት ይሁን ምለው፣ ከስሩም ሰው ሚቀመጥበት ወይ ህጻን ሚተኛበት ቦታ አይሁን።

የት ይሰቀል ከተባለ፣ ከምድጃው በላይ አይሆንም፣ ዘይትና እንፋሎት ይጠጣዋል፣ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ በላይም አይሆንም፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ምን ያህል እንፋሎት እንደሚነሳ ታውቁታላችሁ። ከላቫንዲኖው በላይም አይሁን፣ ቢወድቅ ሰሀን በሚያጥብ እጅ ላይ ነው ሚወድቀው። በር ሲከፈት ሚያንኳኳው ግድግዳም አይሆንም። ከመክተፊያው በስተጎን፣ እጅ ሳይዘረጋ ሚደርስበት፣ የትልቅ ሰው ደረት ከፍታ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

የግድግዳው ነገር ደሞ አለ። ብሎኬት ከሆነ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ገብቶበት በብሎን ይታሰራል፣ ችግር የለውም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው የአግሮስቶን ክፍልፋይ ላይ ከሆነ ግን ተራ ፊሸር ይላላል፣ ለስስ ግድግዳ የተሰራውን ከኋላ ሚከፈተውን አይነት ፈልጉ ወይ ሌላ ግድግዳ ምረጡ። ሁለት በኩል ሚለጠፍ ቴፕ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ይይዛል ይላሉ፣ ለትንንሽ ቢላ እሺ፣ ለከባድ ቢላ ግን እኔ አላምነውም፣ እንፋሎት ባለበት ቤት ቴፕ ቀስ በቀስ ነው ሚለቀው፣ ሲለቅ ደሞ አምስቱንም ቢላ ይዞ ነው ሚወርደው። ተከራይ ሆናችሁ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ ጠረጴዛ ላይ ሚቆም ማግኔት አለ፣ ከስሩ ሰፊና ከባድ ከሆነ በጣም ጥሩ ነገር ነው።

ህጻን ካለ ግን ማግኔቱን ለጊዜው እርሱት። ከፍ አርገን እንሰቅለዋለን ትሉኛላችሁ፣ ልጅ ግን በርጩማ ጎትቶ ይወጣል፣ ያውም ሚያብለጨልጭ ነገር አይቶ።

የእንጨት ማቆሚያ

ከቢላ ስብስብ ጋር አብሮ ሚመጣው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው። ስጦታ ሆኖ ከውጪ ይመጣል፣ ለሙሽሮች ይሰጣል፣ ሲታይም ያምራል። 12 ወይ 15 ፍሬ ነው ይባላል፣ ከዛ ውስጥ ስድስቱ አንድ አይነት የስቴክ ቢላ ነው፣ አንዱ መቀስ ነው፣ አንዱ ሞረድ ነው፣ በእውነት ምትጠቀሙባቸው ሶስት ወይ አራት ናቸው። ትልቅ ቢላ፣ የልጣጭ ትንሽ ቢላ፣ ለድፎ ዳቦና ለህምባሻ መጋዝ ጥርስ ያለው ቢላ፣ ለስጋ አንድ፣ አበቃ። ስለዚ ለማቆሚያው ብላችሁ ስብስብ አትግዙ፣ በዛው ብር ሁለት ደህና ቢላና ሽፋን ይገዛል።

ጥቅሙ ስለቱ አይታይም፣ ቢገፋ ቶሎ አይወድቅም፣ ቦታው ቋሚ ነው። ችግሩ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ነገር አይታይም። በደንብ ሳይደርቅ የገባ ቢላ ውሃውን እዛ ውስጥ ይተወዋል፣ በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ውስጥ ደሞ እንጨቱ በራሱ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ይወጣል፣ እሱ ቢላ ተመልሶ ሰላጣ ይቆርጣል። ማቆሚያ ካላችሁ በየጊዜው ገልብጣችሁ አራግፉት፣ በጡጦ ማጠቢያ ቀጭን ብሩሽ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ከዛ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ፀሀይ እየነካው ቀኑን ሙሉ ይድረቅ። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ይሰነጠቃል።

ሌላው ቀዳዳዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆነ ቢላው ስለቱ ላይ ነው ሚያርፈው፣ በገባና በወጣ ቁጥር እንጨቱን እየፋቀ ይዶለድማል። ገልብጣችሁ ጀርባውን ወደ ታች አርጉት፣ ወይ ቀዳዳዎቹ አግድም የሆኑበትን አይነት ግዙ። ቀዳዳ ሳይኖረው ውስጡ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች የተሞላው አይነትም አለ፣ የትኛውም መጠን ቢላ ይገባበታል፣ ዘንጎቹ ወጥተው ይታጠባሉ፣ ከእንጨቱ እሱን እመርጣለሁ፣ ከጊዜ በኋላ ግን ዘንጎቹ እየተቆራረጡ ፍርፋሪ ያወጣሉ፣ ያን ጊዜ ይቀየር። በዚህ ምትክ ብርጭቆ ወይ ጣሳ ውስጥ ሩዝ ሞልተው ቢላ ሚተክሉ አሉ፣ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ሩዙ አቧራና እርጥበት ይይዛል፣ ነቀዝም ይገባበታል፣ ጣሳው ደሞ ቀላል ስለሆነ ይገለበጣል፣ አልመክርም።

ሽፋን (እኔ ለአብዛኛው ቤት ምመክረው)

ቢላውን ስለቱ ላይ ሚለብስ ሽፋን፣ የፕላስቲክ፣ የእንጨት ወይ የቆዳ። እውነቱን ልናገር፣ ለአብዛኛው የኛ ቤት፣ ልጅ ላለበት፣ ቦታ ለጠበበበት፣ ግድግዳው ለማይበሳበት፣ በየጊዜው ቤት ለሚቀይር ተከራይ ይሄ ነው መልሱ። እያንዳንዱ ቢላ የራሱን ልብስ ለብሶ የትም ይቀመጣል፣ መሳቢያ፣ ካቢኔት፣ ሳጥን፣ ሻንጣ።

የፕላስቲኮቹ በመጠን ነው ሚሸጡት፣ 15፣ 20፣ 25 ሴንቲሜትር ምናምን፣ ከስለቱ ርዝመት ትንሽ ረዘም ያለውን ውሰዱ፣ ጫፉ መውጣት የለበትም። ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ የተለጠፈበት ከሆነ ቢላውን አይቧጭርም። ጠበቅ ብሎ መያዝ አለበት፣ ቢላውን ገልብጣችሁ ስታራግፉት ከወደቀ ዋጋ የለውም። ሲለብስ ደሞ ከጫፉ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ አይደለም፣ ከጎን የሚከፈተው ከሆነ ቢላውን ከጀርባው በኩል ይዛችሁ ስለቱን ወደ ሽፋኑ ነው ምታስገቡት፣ እጅ ስለቱ ፊት አይሂድ።

ትልቁ ጠላቱ ውሃ ነው። እርጥብ ቢላ ሽፋን ውስጥ ከገባ ውሃው የሚሄድበት የለውም፣ በማግስቱ ቡኒ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ስቴንለስ ቢሆንስ ትሉ ይሆናል፣ ስቴንለስ ሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ነው፣ ዝገትን ይቋቋማል እንጂ ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም፣ ጨውና ሎሚ ከነካው ሳይታጠብ ከተሸፈነ እሱም ይበላል። ካርቦን ስቲል፣ ማለትም ስቴንለስ ያልሆነው ቶሎ ሚዝገው ብረት፣ ከሆነ ደሞ ሰአታት ይበቁታል። ስለዚ ታጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ ተጠርጎ፣ አስር ደቂቃ አየር አግኝቶ፣ ከዛ ነው ሽፋን።

የጃፓኖቹ ሳያ ሚሉት የእንጨት ሽፋን አለ፣ ከማግኖሊያ እንጨት ነው በብዛት ሚሰራው፣ ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ለአንድ ቢላ ልክ ሆኖ ሚሰራ ስለሆነ ለሌላ ቢላ ላይሆን ይችላል። የቆዳ ሽፋን ደሞ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ሰይፍና ጎራዴ አፎት ውስጥ ነበር ሚቀመጠው፣ ገጠር ዛሬም ጩቤና ካራ በቆዳ ሰገባ ይያዛል። ለመያዣ፣ ለመንገድ ጥሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ግን አይሆንም፣ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ነገርም ውስጡ ስለሚቀር ብረቱን ያዝገዋል።

መግዛት ካልቻላችሁ መስራት ቀላል ነው። ወፍራም ካርቶን ውሰዱ፣ ቢላው ላይ ሲታጠፍ ከሁሉም ጎን ሁለት ሴንቲሜትር ሚተርፍ አርጋችሁ ቁረጡ፣ የቢላው ጀርባ ወደ እጥፋቱ ይሁን። በስለቱ በኩል፣ በሁለቱ ገጾች መሀል፣ ሌላ ቀጭን የካርቶን ቁራጭ አስገቡና ሶስቱንም አንድ ላይ በሰፊ ቴፕ እሰሩ፣ እንደዛ ሲሆን ስለቱ ሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነው እንጂ ቴፑን አይቆርጥም። ጫፉም ይዘጋ። ሲረጥብ ወይ ሲላላ ጣሉትና ሌላ ስሩ። ጽህፈት መሳሪያ ቤት ሚሸጠው፣ ወረቀት ሚጠረዝበት ረጅሙ የፕላስቲክ ዘንግ ደሞ ለስስ ቢላ በጣም ይሆናል፣ በቢላው ልክ ይቆረጥና ስለቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ጫፉን ብቻ ተጨማሪ ሸፍኑት። የአትክልት ማጠጫ ጎማም በርዝመቱ ተሰንጥቆ ለአጥንት መምቻው ያገለግላል። ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፣ ጨርቁ ይፈታል፣ ስለቱም ይወጣል፣ በዛ ላይ እርጥበት ይይዛል፣ ከሁሉም በላይ ውስጡ ቢላ እንዳለ ማያውቅ ሰው አንስቶ ሊያራግፈው ይችላል።

መሳቢያ ውስጥ ሚገባ መደርደሪያ

ይሄ ቢላዎቹ ተኝተው እያንዳንዱ በየመስመሩ ሚገባበት የእንጨት ወይ የፕላስቲክ ነገር ነው። ጥልቅ መሳቢያ ላለው ዘመናዊ ኪችን ድንቅ ነው፣ ስለቱ አይጋጭም፣ አይታይም፣ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፣ መሳቢያው ላይ የልጅ መቆለፊያ ተጨምሮበት ቢላዎቹም ሽፋን ከለበሱ ደሞ ልጅ ላለው ቤትም ይሆናል። ችግሩ ልክ ነው፣ እኛ ሀገር ሚሰሩት ካቢኔቶች ብዙዎቹ መሳቢያቸው ጥልቀት የለውም፣ እጀታው ወፍራም የሆነ ቢላ ሲገባ ሲዘጋ ይይዛል። ከመግዛታችሁ በፊት የመሳቢያውን ውስጥ በሜትር ለኩ፣ ቁመት፣ ስፋት፣ ርዝመት፣ ሶስቱንም። አዲስ ካቢኔት እያሰራችሁ ከሆነ ግን ባለሙያውን አንድ መሳቢያ ለቢላ ብቻ ጠለቅ አርጎ እንዲሰራላችሁ ከአሁኑ ንገሩት። መደርደሪያው ከታች ካልተያዘ መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር ይንሸራተታል፣ ከስሩ የማያንሸራትት ላስቲክ አንጥፉ።

የሚጠቀለል ቦርሳ

ለድግስ ወጥ ለሚሰሩ፣ ካተሪንግ ላይ ላሉ፣ ከቤት ቤት ቢላቸውን ይዘው ለሚሄዱ ነው። ከሸራ የተሰፋ ሆኖ እያንዳንዱ ቢላ ኪስ አለው። እያንዳንዱ ቢላ ሽፋኑን ለብሶ ነው መግባት ያለበት፣ ካልሆነ ሸራውን ይቀደዋል። ለቤት ግን አያስፈልግም፣ ቦርሳው ውስጥ የቆየ ቢላ አየር አያገኝም።

ለየትኛው ቤት የቱ

ህጻን ካለ፣ ሽፋን ያለው ቢላ ሚቆለፍ መሳቢያ ወይ ከፍ ያለ ካቢኔት ውስጥ፣ ሌላ ክርክር የለውም። ሽፋኑ ብቻውን ልጅ አያቆምም፣ ቁልፉም ብቻውን አይበቃም ምክንያቱም አንድ ቀን ሳይቆለፍ ይረሳል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑ። የመርሳት ችግር ያለባቸው እናት ወይ አባት፣ ወይ በጣም የከፋ ጭንቀት ላይ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለም እንደዚሁ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ሳታስጨንቁት፣ ብዙ ሳታወሩበት።

ትልልቅ ሰዎች ብቻ ሆናችሁ በየቀኑ ምታበስሉ ከሆነ ማግኔት። ወጥ ቤት የምትጋሩ ከሆነ፣ ቤይሩትም ሆነ ዱባይ ወይ ዲሲ አካባቢ ቤት ተካፍላችሁ ምትኖሩ፣ የናንተን ቢላ ሽፋን አልብሳችሁ ክዳን ባለው ረጅም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፣ ሌላው ሰው ስለቱን ብርጭቆ ሳህን ላይ እየቆረጠ እንዳያበላሸውም ይጠቅማል። ባህረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ጅቡቲም ቢሆን፣ አየሩ እርጥብና ጨዋማ ስለሆነ ካርቦን ስቲል ቢላ ካላችሁ ስስ ዘይት ቀቡት። የምግብ ዘይት ግን አይሁን፣ ሲቆይ ይዝለገለጋል፣ ይሸታል። ለሆድ ድርቀት ፋርማሲ ውስጥ ሚሸጠው ሽታ የሌለው ሚነራል ኦይል ይሻላል፣ ጠብታ ይበቃል።

እቃ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ ደሞ ስለታሙን ቢላ እዛ ውስጥ አትክተቱ፣ ሙቀቱና የማጠቢያው ዱቄት ሳሙና ብረቱንም የእንጨት እጀታውንም ይጎዳል፣ ከሌላው እቃ ጋርም ይጋጫል፣ የምታወጣውም እጅ ላይ አደጋ ነው።

የበአል ካራ

ይሄን ለብቻው ላውራው ምክንያቱም የኛ ቤት ቢላ ሁለት አይነት ነው፣ በየቀኑ ሚሰራውና በአመት ሶስት አራት ጊዜ ሚወጣው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ በግ ሚታረድበት፣ ቅርጫ ሚከፋፈልበት ካራ በመሀል ወራት ይረሳል፣ ከዛ ሲወጣ ዝጎ ይገኛል ወይ ደሞ አልጋ ስር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቤት ሚያጸዳ ሰው እጅ ላይ ይገኛል። ከበአሉ በኋላ በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ እጀታና ብረት ሚገናኙበት ቦታ ደም ስለሚቀር በብሩሽ ይፈተግ፣ ጨርሶ ይድረቅ፣ ዘይት ይቀባ፣ የካርቶን ሽፋን ይልበስና ላዩ ላይ "ቢላ" ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ቦታውን ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ይወቀው። ከቁም ሳጥን አናት ላይ አይሁን፣ ብርድ ልብስ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

በአሉ ቀን ራሱ ደሞ ትልቁ ችግር ማስቀመጫው አይደለም፣ በስራ መሀል ያለው ነው። ብዙዎቻችን በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው ዶሮ ምንበልተው፣ ሽንኩርት ምንልጠው፣ ቢላው ደሞ ወለሉ ላይ፣ ሳፋው ጎን፣ ልጣጩ ስር ይሆናል። አንድ ዝርግ ትሪ ለቢላ ብቻ መድቡ፣ ቢላ የሚያርፈው እዛ ላይ ብቻ ይሁን፣ ስለቱ ከሰው በተቃራኒ ሆኖ፣ ሚነሳ ሰው ካለም ትሪውን ከፍ ካለ ቦታ ያርገው። አረፋ ያለበት ሳፋ ወይ ላቫንዲኖ ውስጥ ቢላ አይግባ፣ ፈጽሞ። ሚያጥበው ሰው እዛ ውስጥ ቢላ እንዳለ አያውቅም፣ እጁን ነው ሚሰደው። ቢላ የተጠቀመ ሰው እዛው አጥቦ፣ ጠርጎ፣ ይመልሰው።

ከተቆረጣችሁም ቡና አትነስንሱበት። ልማዱን አውቃለሁ፣ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተናል፣ ግን ቁስል ውስጥ የገባ ዱቄት ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፣ ሀኪሙም ለመስፋት መጀመሪያ እሱን ነው ሚያጸዳው። ንጹህ ጨርቅ አርጋችሁ አስር ደቂቃ ያህል እየገለጣችሁ ሳታዩ ጫን በሉት፣ እጁን ከፍ አርጉ። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይ አልታጠፍ ካለ ወዲያው ሀኪም ቤት፣ የቲታነስ ክትባት ነገርም ይጠየቅ።

ከውጪ ቢላ ለምታመጡ

ለእናቴ ጥሩ ቢላ ልውሰድላት ብላችሁ ከአሜሪካ ወይ ከጀርመን ምትመጡ ብዙ ናችሁ፣ ጥሩ ስጦታ ነው። በእጅ ሻንጣ ግን አይገባም፣ ሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው፣ የአሜሪካው የኤርፖርት ደህንነት ቢላው ሻንጣ የሚፈትሹ ሰራተኞችን እንዳይቆርጥ መሸፈን ወይ በደንብ መጠቅለል አለበት ይላል። የመጣበት ስስ ካርቶን አይበቃም፣ ሻንጣው ሲወረወር ጫፉ ቀዶት ይወጣል። የፕላስቲክ ሽፋን አልብሱት፣ ከላዩ በወፍራም ካርቶን ጠቅልላችሁ በቴፕ አስሩት፣ ሻንጣው መሀል በልብስ ተከቦ ይቀመጥ። ሽፋኑን እዛው ተዉላት፣ ከቢላው ጋር አንድ ላይ ስጧት፣ ከሰጣችኋትም በኋላ እንዴት እንደሚለበስና እንደሚወጣ አብራችሁ አንዴ አሳዩአት፣ እሷ እስከዛሬ የለመደችው ዶልዷማ ቢላ ስለሆነ አዲሱ በትንሽ ንክኪ እንደሚቆርጥ ንገሯት።

አሮጌውን ቢላ ስትጥሉት ደሞ እንዲሁ በፌስታል አይሁን። ስለቱ በካርቶን ተጠቅልሎ በቴፕ ታስሮ ላዩ ላይ ይጻፍበት፣ ቆሻሻ ሚሰበስቡት ልጆች ፌስታሉን በእጃቸው ነው ሚያነሱት፣ ብዙዎቹ ደሞ ጓንት የላቸውም። ብረቱ ገና ደህና ከሆነ ለቁራሌው ሰጥታችሁ ስለት እንዳለው በአፋችሁ ንገሩት።